ፓስታ፣ ድንች፣ በደርጃን ወይስ ሩዝ? በንብርብር ለሚጋገር የቤተሰብ እራት የምርጫ መመሪያ

በንብርብር የሚጋገር እራት ጥሩ ጎኑ ድካሙ ሁሉ ቀድሞ ማለቁ ነው። ስጎው ይሠራል፣ ይነጠፋል፣ ኦቭን ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ቆሞ የሚያማስለው ሰው አያስፈልገውም። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ስህተቱ ከገባ በኋላ አለመታረሙ ነው። ስጎ ድስት ላይ እያለ ቢቀጥን ትንሽ አንተክትኮ ማወፈር ይቻላል፤ ሦስትና አራት ንጣፍ ሥር ከገባ በኋላ ግን የቀጠነው ቀጥኖ፣ የደረቀውም ደርቆ ይቀራል።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከሥጋው ወይም ከቺዙ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከሆድ መሙያው ነው፤ ማለትም ከፓስታው፣ ከድንቹ፣ ከበደርጃኑ ወይም ከሩዙ። ስጎው ምን ያህል ይቅጠን፣ ኦቭን ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆይ፣ ነጭ ስጎው (በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት የሚሠራው፤ አሠራሩ ኋላ ላይ አለ) በስንት ዱቄት ይወፍር የሚለውን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ደረቅ ፓስታና ሩዝ ፈሳሽ ይጠጣሉ። በደርጃንና ዝኩኒ በተቃራኒው ፈሳሽ ይለቃሉ። ድንች ብዙም አይጠጣም፣ ብዙም አይለቅም፤ የእሱ ጣጣ ሌላ ነው፣ እንመጣበታለን። ለፓስታ ተብሎ የተለካ ስጎ በደርጃን ላይ ቢፈስ ሾርባ ይሆናል፤ ለበደርጃን የተሠራው ወፍራም ስጎ ደግሞ ጥሬ ፓስታ ላይ ቢደረግ ፓስታው እንደ ካርቶን ይደርቃል።

እዚህ የተቀመጠው ልክ ሁሉ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው መጋገሪያ ዕቃ ነው። ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ለ4 ሰው ከሆነ ሁሉንም በግማሽ ቀንሶ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ዕቃ መሥራት ነው፤ የመጋገሪያው ጊዜ ግን በግማሽ አይቀንስም፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ያጥራል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በፓስታ ይጀምር፤ ስህተትን የሚሸከመው እሱ ነው። ቸኩሎ ለገባና የተፈጨ ሥጋ ላለው፣ ሥጋውን ከሥር አድርጎ የተፈጨ ድንች ከላይ መድፋት ከሁሉም ይፈጥናል፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገበታ ላይ ይደርሳል። ስንዴ ለማይስማማው ድንች ወይም በደርጃን ይሻላል፤ ነጭ ስጎውም በዱቄት ፋንታ በበቆሎ ስታርች ይወፍራል። በደርጃን ጣዕሙ ከሁሉም ይልቃል ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን ከመነጠፉ በፊት ብቻውን አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዝግጅት ስላለው ሥራ ውለው ለሚገቡበት ቀን አይሆንም። ሩዝ የሚመረጠው የተረፈ የበሰለ ሩዝ ፍሪጅ ውስጥ ካለ ብቻ ነው።

ፓስታ፦ ቀቅሎ ወይስ በጥሬው?

የላዛኛ ፓስታ በዝርግ ቅጠል መልክ የሚሸጥ ሲሆን ለዚህ ዕቃ 12 ቅጠል ወይም 250 ግራም ገደማ ይበቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀቀል ወይስ አይቀቀል ነው። ማሸጊያው ላይ ሳይቀቀል እንደሚጋገር የተጻፈበት ዓይነት ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይበስላል። ያልተጻፈበትም ቢሆን በቂ ፈሳሽና በቂ ጊዜ ካገኘ ሳይቀቀል ይበስላል። እኛ የምንመክረው በጥሬው መንጠፉን ነው፤ ምክንያቱም የተቀቀለ ቅጠል እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል፣ ትንሽ ካለፈም ኦቭን ውስጥ ይላቁጣል። ጥሬው ግን የሚጠጣው ውሃ ሳይሆን ስጎውን ራሱን ስለሆነ ጣዕሙም ይሻላል።

የሥጋ ስጎው እንዲህ ነው። 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፎ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ማቁላላት፤ ለስልሶ ቢጫ ሲል 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ አንድ ደቂቃ ማቆየት። 500 ግራም የተፈጨ ሥጋ በሰፊ መጥበሻ ላይ ማድረግና ውሃው እስኪመጥ፣ ከዚያም አልፎ ጠርዝ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ድረስ በደንብ በነደደ እሳት መጥበስ። ብዙ ሰው ሥጋው ግራጫ ሲሆን የበሰለ ይመስለውና እዚያ ላይ ያቆማል፤ ጣዕሙ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት አራትና አምስት ደቂቃዎች ነው። ከ2 የሾርባ ማንኪያ በላይ ስብ ከወጣ ይቀዳ፤ ካልተቀዳ ኋላ ላይ ከቺዙ ቅባት ጋር ተደምሮ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ለ2 ደቂቃ አብሮ ማቁላላት፤ 800 ግራም የተላጠና የተፈጨ ቲማቲም፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ጨምሮ በመለስተኛ እሳት ለ30 ደቂቃ ማንተክተክ። ፓስታው በጥሬው የሚነጠፍ ከሆነ መጨረሻ ላይ 250 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይጨመርበት። በዚህ ጊዜ ስጎው ከጭልፋው በቀላሉ መውረድ አለበት፤ ለዓይን የቀጠነ ይመስላል፣ አይደለም።

አነጣጠፉ ላይ ቅደም ተከተል አለ። ከሥር አንድ ጭልፋ ስጎ ይደላደላል፤ ያለ እሱ የመጀመሪያው ቅጠል ዕቃው ላይ ይጣበቃል፣ ከሥሩም ፈሳሽ ስለማያገኝ ይጠጥራል። በላዩ 3 ቅጠል፣ በመካከላቸውና በጠርዙ የጣት ውፍረት የማይሞላ ክፍተት ትቶ፤ ፓስታው ሲጠጣ ይሰፋልና። ከዚያ የሥጋ ስጎው ሲሶ፣ ጥቂት ነጭ ስጎ፣ አንድ እፍኝ ቺዝ። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በአራተኛው የቅጠል ንጣፍ ላይ ሥጋ አይደረግም፤ የተረፈው ነጭ ስጎ በሙሉ ይፈስበትና እስከ ማዕዘኑ ድረስ በማንኪያ ጀርባ ይዳረሳል። የፓስታ ጫፍ ራቁቱን ከታየ እዚያው ቦታ ላይ ጥርስ የሚፈትን ሆኖ ይወጣል። ይህን ምግብ በተመለከተ ከሚሰሙት ቅሬታዎች አብዛኛው ከዚህች ካልተሸፈነች ጫፍ የሚመጣ ነው።

በፎይል ጥብቅ አድርጎ ሸፍኖ በ190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ35 ደቂቃ፤ ከዚያ ገልጦ ሌላ 15 ደቂቃ። የተቀቀለ ፓስታ ከሆነ የተሸፈነበት ጊዜ ወደ 20 ደቂቃ ይወርዳል፣ ተጨማሪው ውሃም ይቀራል። መቀቀልን የሚመርጥ ሰው ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በ3 ደቂቃ ቀድሞ ያውጣ፤ አራት አራት ቅጠል ብቻ እየከተተ ይቀቅል፤ ሲያወጣም ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ሳያነባብር ይዘርጋ። የሚቀቀልበት ውሃ ውስጥ ዘይት መጨመር መጣበቅን አያስቀርም፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ቅጠሉን አይነካውም።

ዝርጉ ፓስታ ከሌለ መኮሮኒ ይሠራል። 400 ግራም ተቀቅሎ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ቀድሞ ወጥቶ፣ ግማሹ ከሥር ግማሹ ከላይ ይነጠፋል፤ ሥጋው መሐል ይሆናል። የመኮሮኒው ቱቦ ስጎ ስለሚውጥ ነጭ ስጎው ከ750 ሚሊ ሊትር ወደ 1 ሊትር ከፍ ይበል። እንደ ላዛኛው በቅርጽ በቅርጹ አይቆረጥም፤ የታችኛው መኮሮኒ ላይ አንድ የተመታ እንቁላል ከተለወሰ ግን ይይዛል።

ድንች እና የቲማቲሙ ጉዳይ

በድንች የሚሠራው ንብርብር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ተጋግሮ ተጋግሮ አልበስል የሚል ድንች ያላጋጠመው ሰው ጥቂት ነው። ችግሩ እሳቱ አይደለም። የድንቹን ሴሎች አያይዞ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር በሙቀት ይላላል፣ ድንቹም የሚለሰልሰው በዚህ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ግን ፔክቲኑ በቀላሉ አይላላም። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው። ጥሬ ድንች በቲማቲም ስጎ መካከል ከተነጠፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጋግሮም ቢላ ሲነካው ይቆረቁራል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፦ የቲማቲም ስጎ ካለ ድንቹ አስቀድሞ ይቀቀላል፤ ድንቹ በጥሬው እንዲገባ ከተፈለገ ስጎው በወተት ወይም በክሬም ይሆናል።

ለሁለቱም 1.3 ኪሎ ግራም ድንች ተልጦ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ውፍረቱ እኩል መሆኑ ከቅጥነቱ ይበልጣል፤ 2 እና 6 ሚሊ ሜትር ተቀላቅለው ከገቡ ወፍራሙ ሳይበስል ቀጭኑ ይፈርሳል። የሚቀቀል ከሆነ ጨው ባለው የፈላ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ፤ ቢላው ሲገባ ትንሽ ከያዘው በቂ ነው። ከዚያ ማጥለል፣ በወንፊቱም ላይ እንፋሎቱ እስኪወጣ 5 ደቂቃ መተው። ይህችን 5 ደቂቃ የዘለለ ሰው ውሃውን ይዞ ይነጥፋል።

በጥሬው ለሚገባው ድንቹ ከተቆረጠ በኋላ አይታጠብም፤ ላዩ ላይ የቀረው ስታርች ክሬሙን የሚያወፍረው እሱ ነውና። እንዳይጠቁር ወዲያው ወተቱ ውስጥ መክተት ይበቃል። 500 ሚሊ ሊትር ክሬምና 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 ፍንካች የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንጥር ገውዝ ተቀላቅሎ፣ ድንቹ እየተነጠፈ በየመሐሉ ይፈስበታል፤ ፈሳሹ የላይኛው ድንች ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ያቆማል። በ180 ዲግሪ ተሸፍኖ 60 ደቂቃ፣ ተገልጦ 25 ደቂቃ። ክሬሙን በቀጭን ወተት ብቻ የሚተካ ሰው መጨረሻ ላይ የተቆራረጠ፣ እንደ እርጎ ጓል ጓል ያለ ፈሳሽ ያገኛል፤ ስብ የሌለው ወተት ይህን ያህል ሙቀት ለዚህን ያህል ጊዜ አይችልም። ክሬም ካልተፈለገ ወተቱ አስቀድሞ በዱቄት ተወፍሮ ነጭ ስጎ ይሁን።

ጨው ላይ አትሳሱ። ድንች ጨውን ይደብቃል፤ ስጎው ሲቀመስ ልክ የነበረው ከድንቹ ጋር ሲበላ አልጫ ይሆናል። በየንጣፉ ቁንጥር ቁንጥር ማድረግ ከላይ አንድ ጊዜ ከመነስነስ ይሻላል።

የድንች ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ሲቀቀል የሚፈረካከሰው፣ ደረቅ ዱቄት የሚመስለው ዓይነት ስጎ ይጠጣል፣ ንጣፎቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ነገር ግን ሲቆረጥ ቅርጹን አይጠብቅም። ሥጋው ጠበቅ ያለው፣ ሲቀቀል የሚያብረቀርቀው ዓይነት በተቃራኒው ቅርጹ ያምራል፣ ስጎውን ግን አያስገባም። ለክሬሙ የመጀመሪያውን፣ ለቲማቲሙ ሁለተኛውን እንመርጣለን።

የተፈጨ ድንች ከላይ የሚደፋበት አሠራር ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። 1.2 ኪሎ ግራም ድንች ሙክክ እስኪል ተቀቅሎ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ፣ በ60 ግራም የገበታ ቅቤና በ120 ሚሊ ሊትር ሙቅ ወተት ይፈጫል። የሥጋ ስጎው ወፈር ብሎ፣ 10 ደቂቃም በርዶ ይሁን፤ ትኩስና ቀጭን ስጎ ላይ የተደፋ ድንች ይሰምጣል። ድንቹን ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መሐል መደልደል ስጎው በዳር በኩል ገንፍሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ላዩን በሹካ ቦይ ቦይ ማድረግም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከፍ ከፍ ያሉት መስመሮች ቡናማና ቅርሽ የሚሉ ይሆናሉ። በ200 ዲግሪ 30 ደቂቃ ሳይሸፈን።

በደርጃን

1.5 ኪሎ ግራም በደርጃን በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቆረጥና 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ተነስንሶበት ለ30 ደቂቃ በወንፊት ላይ ይቀመጣል። ጨው የሚደረገው ምሬቱን ለማውጣት ነው ሲባል ይሰማል፤ አሁን የሚሸጡት ዓይነቶች ግን ያን ያህል አይመሩም። ዋናው ጥቅም ሌላ ነው፦ ጨው ውሃውን ያወጣል፣ እንደ ስፖንጅ የተነፋው ሥጋውም ይሟሽሻል፣ ስለዚህ ሲጠበስ ብዙ ዘይት አይጠጣም። ጨው ያልተደረገበት በደርጃን መጥበሻ ላይ የተሰጠውን ዘይት በሙሉ ይመጥና ኦቭን ውስጥ ሲሞቅ መልሶ ይተፋዋል። ዕቃው ሥር የሚገኘው የዘይት ኩሬ ከየት እንደመጣ ለሚገርመው፣ ከዚህ ነው።

ከመጥበሻ ይልቅ ኦቭን እንመርጣለን። ውሃው በፎጣ ተጠርጎ፣ ሁለቱም ገጽ በብሩሽ ስስ ዘይት ተቀብቶ፣ በትሪ ላይ ሳይነባበር በ220 ዲግሪ 25 ደቂቃ፤ መሐል ላይ አንዴ ይገለበጣል። ሲወጣ ለስላሳና ቡናማ መሆን አለበት። ግማሽ ጥሬ የወጣ በደርጃን ንብርብሩ ውስጥ ገብቶ አይበስልም፤ እንደ ጎማ ይላመጣል።

የሥጋ ስጎው ከፓስታው ልክ ይለያል። ቲማቲሙ ከ800 ወደ 400 ግራም ይቀንስ፣ ውሃም አይጨመር፤ ማማሰያው የመጥበሻውን ሥር ሲጠርገው የተጠረገው መስመር ወዲያው ሳይሸፈን ጥቂት መቆየት አለበት። ነጭ ስጎውም ወፍራም ይሁን፦ 75 ግራም ቅቤ፣ 75 ግራም ዱቄት፣ 750 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ከእሳት ከወጣ በኋላም 2 የእንቁላል አስኳል። በደርጃኑ በሁለት ንጣፍ፣ ሥጋው መሐል፣ ነጭ ስጎው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከላይ። በ180 ዲግሪ ሳይሸፈን 45 ደቂቃ። ዝኩኒም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ውሃው ግን ከበደርጃን ስለሚበዛ ከተጋገረ በኋላ እንደገና በፎጣ ይጠረግ።

ሩዝን በተመለከተ

ጥሬ ሩዝ በንብርብር ውስጥ እኩል አይበስልም፤ ዳር ያለው ገንፎ ሲሆን መሐል ያለው ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ የበሰለ ሩዝ፣ 5 ኩባያ ገደማ፣ በአንድ የተመታ እንቁላልና በአንድ እፍኝ ቺዝ ተለውሶ ከሥር ይነጠፋል፤ ስጎው ከላይ። የተረፈ ሩዝ የሚውለው በበሰለ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ገብቶ ከሆነ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ያደረ ሩዝ ላይ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም።

ማያያዣው፦ ነጭ ስጎ፣ ሪኮታ ወይስ እንቁላል?

ነጭ ስጎ ከሁሉም ይታመናል፤ በሙቀት አይቆራረጥም፣ ሲበርድ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ምግቡ ሲቆረጥ ይቆማል። ለፓስታ 60 ግራም ቅቤ፣ 60 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 750 ሚሊ ሊትር ወተት። ቅቤው ቀልጦ አረፋው ሲረጋ ዱቄቱ ይገባና ለ2 ደቂቃ ይማሰላል፤ እርጥብ አሸዋ መስሎ የብስኩት ሽታ ሲመጣ የዱቄቱ ጥሬነት ወጥቷል ማለት ነው። ቡናማ ሊሆን ሲል ከእሳት ይውጣ። ወተቱ በመጀመሪያ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ብቻ ይጨመራል፤ ወዲያው ጥቅጥቅ ያለ ሊጥ ይሆናል፣ አያስደንግጥ። ልስልስ እስኪል ካሹት በኋላ ሁለተኛው ሲኒ፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ ሊጡ እንደ ክሬም ሲፈስ ቀሪው በአንድ ጊዜ ቢገባም አይጓጉልም። መጓጎል የሚመጣው ወተቱ ሁሉ መጀመሪያ ሲደፋ ነው፤ የዱቄቱ ውጪ ቀድሞ በስሎ ውስጡን ደረቅ አድርጎ ይዘጋዋል። አንዴ ከፈላ በኋላ በዝግታ 6 ደቂቃ ይንተክተክ፤ የማንኪያው ጀርባ ላይ በጣት ሲሰመር መስመሩ ክፍት ሆኖ ከቀረ ደርሷል። 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ቁንጥር ገውዝ። የጓጎለ እንደሆነ በወንፊት ማሳለፍ ነው እንጂ በማማሰል አይለቅም። በበቆሎ ስታርች የሚሠራ ሰው 30 ግራም ያህሉን በቀዝቃዛ ወተት በጥብጦ የሞቀው ወተት ላይ ያፍስ፤ ዱቄቱ ላይ የተባለው ማቁላላት አይመለከተውም።

ሪኮታ፣ አይብ የሚመስለው ለስላሳ ቺዝ፣ ማብሰል ስለማያስፈልገው ጊዜ ያተርፋል። 500 ግራም ሪኮታ ከ1 እንቁላልና ከ50 ግራም ፓርሜዛን ቺዝ ጋር ይለወሳል። ውሃ የሚያዝል ዓይነት ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ 30 ደቂቃ ይጠንፍፍ። እንቁላሉ ካልገባ ሪኮታው ሲጋገር እህል እህል ይላል። ለጥሬ ፓስታ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠጣ ፈሳሽ አይሰጥምና የቲማቲም ስጎው ይጨመርለት።

እንቁላል በወተት፣ ማለትም 3 እንቁላል በ300 ሚሊ ሊትር፣ ከሩዝና ከመኮሮኒ ጋር ይስማማል። ኦቭኑ ከ180 ዲግሪ በላይ ከጋለ ግን እንደ ቅንጥብጣቢ ይቋጥርና ውሃውን ይለቃል።

ቺዝ ላይ ብዙ አንቆይም። ለማቅለጥ ሞዛሬላ፣ ለጣዕም ፓርሜዛን፤ 250 እና 50 ግራም። ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚሸጠው ለስላሳ ሞዛሬላ ምግቡን ያጥለቀልቃል፣ ደረቅ ያለው ይሻላል። ቸዳር ነጭ ስጎው ውስጥ የሚገባው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው፤ እየፈላ ከገባ ቅባቱ ይለያል።

ሥጋ ለማይበሉ በ500 ግራም ሥጋ ፋንታ 250 ግራም ድፍን ምስር ለ20 ደቂቃ ተቀቅሎ ይገባል። ምስር ሲጋገርም መጠጣቱን ስለማያቆም ስጎው ላይ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመር። ስፒናች ከሆነ፣ ከፈላ ውሃ ወጥቶ በእጅ ተጨምቆ ጠብ እስከማይል ድረስ።

ዕቃው

የብረት ትሪ ቶሎ ይግላል፣ ጠርዙንም በደንብ ቡናማ ያደርጋል። ምንም ያልተለበጠ አልሙኒየም ግን ከቲማቲም ጋር ሲያድር የብረት ጣዕም ይሰጣል፤ ቲማቲሙን የነካ ፎይልም ቀዳዳ ቀዳዳ ያወጣል። በመካከላቸው የመጋገሪያ ወረቀት ጣል ማድረግ ችግሩን ይፈታል። ብዙዎች ፒሬክስ የሚሉት የመስታወት ዕቃ ዝግ ብሎ ይግላል፣ ከወጣም በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ጠርዙ እየጠቆረ የሚያስቸግር ከሆነ ሙቀቱን በ10 ወይም 15 ዲግሪ መቀነስ ነው። ከፍሪጅ አውጥቶ በቀጥታ የጋለ ኦቭን ውስጥ መክተት፣ ወይም ትኩሱን እርጥብ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይሰነጥቀዋል። የሸክላ ዕቃም ጠባዩ ከመስታወቱ ብዙ አይለይም።

ዕቃው የቱም ይሁን የቱ፣ ከላይ 1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተው፤ ከሥሩም ትሪ ይቀመጥ። ገንፍሎ የወረደ ቺዝ የኦቭኑ ወለል ላይ ካረረ ለሳምንት ይሸታል።

መብሰሉን ማወቅና ማሳረፍ

ዳሩ መፍላቱ ምንም አያሳይም፤ መሐሉ መፍላት አለበት። ቴርሞሜትር ካለ መሐሉ 74 ዲግሪ ሲደርስ በቂ ነው። ከሌለ የቢላ ጫፍ መሐሉ ላይ 10 ሰከንድ ሰክቶ አውጥቶ በጥንቃቄ መንካት፤ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ይመለስ። ላዩ ካልቀላ የላይኛውን እሳት ለ2 እና 3 ደቂቃ መክፈት፣ ከአጠገቡ ግን አለመራቅ።

ከወጣ በኋላ ፓስታው 15፣ በደርጃኑ 30 ደቂቃ ይረፍ። ትኩሱ የተቆረጠ ንብርብር ሳህኑ ላይ ይንሸራተታል፤ ስታርቹና ቺዙ የሚይዙት በረድ ሲሉ ነው። የቀጠነ ይመስል የነበረ ስጎ በዚህ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ውሃ በዛበት ብሎ መልሶ መጋገር ከማረፉ በፊት አይወሰንም።

አስቀድሞ መሥራት ለሚፈልግ

ጥሬ ፓስታ ተነጥፎ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ስጎውን በዝግታ ስለሚጠጣ በማግስቱ እኩል ይበስላል፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን የተሸፈነበት ጊዜ ላይ 15 ደቂቃ ይጨመር። ጥሬ ድንች ማሳደር አይሆንም፣ ክሬሙ ያልደረሰው ጫፍ ይጠቁራል። ፍሪዘር ለሚያስገባ ፓስታ ከሁሉም ይሻላል፣ እስከ 3 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። የተቆረጠ ድንች ሲቀልጥ ውሃ ያዝላል፣ እህል እህልም ይላል፤ የተፈጨው ግን ይችላል። በደርጃን ይለሰልሳል እንጂ አይበላሽም። ከፍሪዘር የወጣው ከመጋገሩ አንድ ቀን ቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ።

የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ገብቶ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ይበላ። ሲሞቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ ተደርጎበት፣ ተሸፍኖ፣ በ170 ዲግሪ 20 ደቂቃ። አንድ ቁራጭ ብቻ ከሆነ ኦቭን ማጋል አያስፈልግም፦ ቀዝቃዛውን ላዛኛ ጣት በሚያህል ውፍረት ቆርጦ፣ በጥቂት ዘይት፣ በመለስተኛ እሳት፣ መጥበሻውን ገርበብ አድርጎ ከድኖ በየገጹ 4 ደቂቃ መጥበስ ነው። ቶሎ ከተገለበጠ ቺዙ መጥበሻው ላይ ይቀራል፤ ሲቀላ ራሱ ይለቃል።